አውቶማቲኩን ኢ46 ወደ ማንዋል ቀይራችሁ ማርሽ አልገባ ካለ

ይሄ ጽሑፍ ስለ ቢኤምደብልዩ ኢ46 ነው፤ በተለይ ስለ 330ሲአይ። እዚህ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ልጆቻችን ይህችን መኪና በጣም ይወዷታል። ከፋብሪካ ማንዋል ሆና የወጣችው ዋጋዋ ውድ ነው። አውቶማቲኳ ረከስ ብላ ትገኛለች። ስለዚህ አውቶማቲኳን ይገዙና ካምቢዮ ያስቀይራሉ። ሥራው የሚቻል ነው። ፋብሪካው ሁለቱንም ዓይነት ስለሠራ፣ ለማንዋሉ ዕቃ ሁሉ ቦታው ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቃችሁ። ራስ ምታቱ የሚጀምረው ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ነው።

ባትሪ፣ ፊውዝ፣ የሞተርና የሻንሲ ነጌቲቭ ሽቦ አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ቁልፍ ይዞራል፣ ሞተሪኖው ግን ዝም

መኪናዋ አሁንም ራሷን አውቶማቲክ ነኝ ብላ ታምናለች። የስርቆት መከላከያው ኮምፒዩተር፣ ኢደብልዩኤስ የሚባለው፣ «ማርሹ ፒ ወይም ኤን ላይ ነው» የሚል መልእክት ይጠብቃል። መልእክቱን ይልክ የነበረው ካምቢዮ ደግሞ ወርዷል። ስለዚህ ሞተሪኖውን አያስነሳም።

ትክክለኛው መፍትሄ ኮዲንግ ነው፤ የመኪናዋን ኮምፒዩተሮች ማንዋል መሆኗን ማሳወቅ ማለት ነው። ላፕቶፕን ከመኪናዋ ጋር በሚያገናኘው ኬ-ዲካን ኬብልና ኤንሲኤስ ኤክስፐርት በሚባለው የኮዲንግ ፕሮግራም ገብታችሁ ከመኪናዋ መረጃ ላይ 205 የሚለውን ቁጥር ታወጣላችሁ። 205 ማለት አውቶማቲክ ካምቢዮ ማለት ነው። ከዚያ ሞጁሎቹን እንደገና ኮድ ታደርጋላችሁ። የፍሪሲዮን ፔዳል ስዊቹንም በትክክል ግጠሙ፤ ፔዳሉ ካልተረገጠ መኪናዋ መነሳት የለባትም።

ብዙ ሰው ግን ሁለት ሽቦ አገናኝቶ ያልፈዋል። አታድርጉት። እንዲህ የተሠራች መኪና ማርሽ ላይ ቆማ ቁልፍ ሲዞር ትዘላለች። ባለቤቱ በመስኮት እጁን አስገብቶ ቁልፍ ሲያዞር የጋራዥ ግድግዳ የገጨች መኪና አይቻለሁ። ከፊቷ ሰው አለመኖሩ የእግዜር ሥራ ነው።

ቁልፉ አልወጣም አለ

ከአውቶማቲኩ ማርሽ መምረጫ እስከ ቁልፉ ቤት የሚሄድ የመቆለፊያ ኬብል አለ። መምረጫውን ስታወጡ ኬብሉ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከቁልፉ ቤት በኩል ንቀሉት፤ አለቀ።

ዳሽቦርድ ላይ የካምቢዮ መብራት በርቶ አይጠፋም

የሞተሩ ኮምፒዩተር፣ ዲኤምኢ የሚባለው፣ የሌለ ካምቢዮ እየፈለገ ነው። 205ን ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ ዲኤምኢው ራሱ የማንዋል ፕሮግራም ሊጫንበት ይገባል። ይህን ስትሠሩ የባትሪ ቻርጀር ይሰካ። መሃል ላይ ባትሪው ቢደክም ዲኤምኢው ሊሞት ይችላል።

ሞተር ሲጠፋ ማርሽ ይገባል፣ ሲነሳ አይገባም

ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን። ተቀይረው ከሚመጡልኝ መኪኖች አብዛኞቹ ይዘውት የሚመጡት ይሄንን ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ማርሹ ሁሉ ሰተት ብሎ ይገባል። ሞተሩ ሲነሳ አንደኛ አልገባም ይላል። የኋላ ማርሽ ደግሞ ክርርር ብሎ ይጮሃል። ባለቤቱ ሁልጊዜ የሚለው አንድ ነው፤ «የሸጡልኝ ካምቢዮ ብልሽት አለው።»

የለውም። ሞተር ጠፍቶ ሁሉም ማርሽ ከገባ ካምቢዮውን ተዉት፤ አታውርዱት። ችግሩ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አለመልቀቁ ነው። በዚህ ምክንያት ደህና ካምቢዮ አስወርደው ሌላ የገዙ ሰዎች አሉ። ሁለተኛውም ያው ይሆናል። ገንዘብ ይበላል፣ ቅዳሜና እሁድ ይበላል፣ መኪናዋ ግን እዚያው ናት።

መጀመሪያ ይህን ሞክሩ። የኋላ ጎማዎቹን አንስታችሁ መኪናዋን በማቆሚያ ብረት ላይ አሳርፉ። በጃክ ብቻ ተደግፋ ከሥሯ እንዳትገቡ። ሞተር ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬን ተለቆ፣ አምስተኛ ማርሽ አስገቡ። አንድ ሰው ፍሪሲዮን ረግጦ ይያዝ። ሌላው ከሥር ሆኖ ትራስሚሲዮኑን፣ ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደውን ረጅም ዘንግ፣ በእጁ ያዙር። ጎማውን አታዙሩ፤ አንዱን ጎማ ስታዞሩ ሌላው በተቃራኒ ይዞርና ያሳስታችኋል። ትራስሚሲዮኑ በቀላሉ ከዞረ ፍሪሲዮኑ ይለቃል። ግትር ካለ አይለቅም።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነሱና ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ደጋግማችሁ ርገጡት። ከዚያ ማርሽ ከገባ መስመሩ ውስጥ አየር አለ ወይም የፔዳሉን ግፊት በዘይት የሚያደርሰው የፍሪሲዮን ፖምፓ ዘይት ያሳልፋል። መርገጡ ምንም ለውጥ ካላመጣ ነገሩ ውስጥ ነው፤ ሸራው (የፍሪሲዮኑ ዲስክ)፣ ፕሬሸር ፕሌቱ (ሸራውን የሚጫነው ሳህን) ወይም ኩሽኔታው (ፔዳሉ ሲረገጥ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ቤሪንግ) ጋ።

አብዛኛውን ጊዜ አየር ነው። እዚህ መኪና ላይ አየር በተለመደው መንገድ አይወጣም። አንዱ እየረገጠ ሌላው ቡሎን እየከፈተ ቢውል ፔዳሉ ያው ልፍስፍስ ነው፤ ወይም ወለል ላይ ተጣብቆ ይቀራል። መስመሩ ላይ የዘይቱን ፍጥነት የሚቀንስ ትንሽ ቫልቭ አለ። የታችኛው፣ ካምቢዮው ላይ የተገጠመው ፖምፓም አቀማመጡ አየር ይዞ የሚያስቀር ነው።

እንዲህ አድርጉ። በአየር ግፊት የሚሠራ የፍሬን ዘይት መሙያ በማጠራቀሚያው ላይ ግጠሙ። ከ20 ፒኤስአይ አታሳልፉት፤ ፕላስቲኩ አሮጌ ነው። የታችኛውን ፖምፓ ሁለቱን 13 ቁጥር ዳዶዎች ፈትታችሁ ከካምቢዮው አውጡት፤ ቱቦውን ግን አትንቀሉ። የአየር ማስወጫው ቡሎን ወደ ላይ፣ ዘንጉ ወደ ታች እንዲሆን ያዙት። ቡሎኑ ላይ ውስጡ የሚታይ ቱቦ ሰክታችሁ ክፈቱትና ዘንጉን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ እስከ መጨረሻው ግፉት። አረፋው እየተንተከተከ ሲወጣ በቱቦው ውስጥ ታዩታላችሁ። ቀስ ብላችሁ ልቀቁት፣ እንደገና ግፉት። ጥርት ያለ ዘይት ብቻ ሲወጣ ዘንጉ ገብቶ እያለ ቡሎኑን ዝጉ።

ፖምፓው ወጥቶ እያለ ማንም ፔዳል እንዳይረግጥ። ፒስተኑ ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ ዘይቱም በሙሉ ይፈስሳል። መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ካለ አስወርዱት።

ስትመልሱት የዘንጉ ጫፍ ካምቢዮው ውስጥ ኩሽኔታውን የሚገፋው ሹካ ላይ ካለው ጎድጎድ ያለ ቦታ መግባቱን አረጋግጡ። ካልገባ ፖምፓውን ለመግጠም ስትታገሉ ታውቁታላችሁ። በቡሎን ኃይል እየጎተታችሁ አታስገቡት፤ ሹካው ይጣመማል።

አየር ወጥቶም ፔዳሉ በማግስቱ ከላላ የላይኛውን ፖምፓ እዩ። ይሄ ፖምፓ ፕላስቲክ ነው። ከፔዳሉ ጀርባ፣ ዘንጉ ላይ ያለችውን የጎማ ሽፋን ገለጥ አድርጋችሁ በጣታችሁ ዳብሱ። ከረጠበ አልቋል። ርካሹን ምትክ አትግዙ፤ እባካችሁ። ስሙ የማይታወቀው ፖምፓ ካርቶኑ ሲያምር ሌላ ነው። ጥቂት ወራት ሠርቶ ዘይቱን ምንጣፉ ላይ ያፈሰዋል። ይህን ዕቃ ለመቀየር ዳሽቦርድ ሥር ተጋድሞ መሥራት አለ። ሁለቴ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ስለ ዘይቱም ልናገር፤ ይሄ ያናድደኛል። ፍሪሲዮኑ የሚጠጣው የፍሬን ዘይት ነው፤ ዶት 4። አንድ ልጅ ከአውቶማቲኩ ካምቢዮ የተረፈውን ቀይ ዘይት፣ ኤቲኤፉን፣ «የካምቢዮ ዘይት ነው» ብሎ ማጠራቀሚያው ውስጥ ሞላው። ፍሪሲዮኑና ፍሬኑ የሚጠጡት ከአንድ ማጠራቀሚያ ነው። ኤቲኤፍ የፍሬን ጎሚኒ ሲነካ ያሳብጠዋል። መኪናዋ ስትመጣልኝ የፍሪሲዮኑ ፔዳል አይመለስም ነበር፤ የፊት ፍሬኖቿም ይዘው አይለቁም። የፍሬን ማስተሩ፣ የጎማ ቱቦዎቹ፣ የፍሬን መያዣዎቹ ሁሉ ተቀየሩ። ብረት ቱቦዎቹ ታጠቡ። ካምቢዮ ከማስቀየሩ በላይ ወጣበት። ፍሬን የሌላት መኪና ነበረች፤ በሀይዌይ ነድቷት ነው የመጣው። ማጠራቀሚያው ላይ ሌላ ዘይት ጠብ ካለ እንኳ አትንዷት።

ማጠራቀሚያውን ካነሳን አይቀር። የአውቶማቲኩ ማጠራቀሚያ ላይ የፍሪሲዮን ቱቦ መግቢያዋ አለች፤ ግን ድፍን ናት። አንዳንዱ ቦታዋ ላይ እያለች በድሪል ይበሳታል። የፕላስቲኩ ፍርፋሪ ወዴት የሚሄድ ይመስላችኋል? ቀጥታ ወደ ፍሬኑ። ከማንዋል መኪና የወጣ ማጠራቀሚያ ግዙ። እምቢ ካላችሁም ቢያንስ አውጥታችሁ ብሱትና እጠቡት።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ደህና ሆኖ ማርሽ እምቢ ካለ፣ ያኔ ብቻ ካምቢዮ ይወርዳል። ሲወርድ የምታዩት ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ ላይ ያለችው ትንሿ ኩሽኔታ። አውቶማቲክ ሞተር ላይ ይህች ኩሽኔታ የለችም፤ ስለማያስፈልገው። ቦታዋ ባዶ ጉድጓድ ነው። ብዙ ሰው ባዶውን ገጥሞ ይዘጋዋል። የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ጫፉ የሚያርፍበት ሲያጣ ይንቀጠቀጣል፤ ሸራውም ሳይለቅ እየተጎተተ ይቀራል። ቆይቶ የካምቢዮውን የፊት ኩሽኔታ ይጨርሳል። ዋጋዋ ከምሳ የማይበልጥ ዕቃ ናት። አዲስ አስገቡ። አሮጌ አውጥታችሁ አትመልሱ።

ሁለተኛ፣ ሸራው ተገልብጦ መገጠሙ። «ጌትሪበዛይተ» የሚል የጀርመንኛ ጽሑፍ አለበት፤ የካምቢዮ በኩል ማለት ነው። ያ ፊቱ ወደ ካምቢዮው ይዞራል። የተገለበጠ ሸራ መሃሉ የቮላኖውን (ሞተሩ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት) ቡሎኖች ፍቆ አብረቅርቆ ይገኛል።

ሦስተኛ፣ ፕሬሸር ፕሌቱ። እዚህ መኪና ላይ ሸራው ባለቀ ቁጥር ራሱን የሚያስተካክል ዓይነት ነው። ያለ መሣሪያው በቡሎን ብቻ እየተጎተተ ከተጠበቀ ማስተካከያው ያለጊዜው ይዞራል። ሸራ ከመግጠማችሁ በፊት መሣሪያውን ተከራዩ ወይም ተዋሱ።

ካምቢዮው ወርዶ እያለ የቮላኖ ቡሎኖቹ አዲስ መሆናቸውን ጠይቁ። የአውቶማቲኩን ቡሎን መልሶ ቮላኖ ላይ ያሰረ ጋራዥ ገጥሞኛል። አዲስ ቡሎን፣ 105 ኒውተን ሜትር። ቮላኖ በፍጥነት ሲዞር ቢላቀቅ የካምቢዮውን ቤት ሰብሮ ነው እግራችሁ አጠገብ የሚመጣው።

ዜሮ ማርሽ ላይ ይንቋቋል፣ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ዝም ይላል

ቀላል የአልሙኒየም ቮላኖ አስገጥማችኋል። የፋብሪካው ቮላኖ ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ ንዝረቱን በውስጡ ይውጣል። ቀላሉ አይውጥም። ብልሽት አይደለም። ሸራው ግን ስፕሪንግ ያለው መሆን አለበት፤ ስፕሪንግ የሌለውን ከጠንካራ ቮላኖ ጋር አታጋቡ። ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ፍሪሲዮን ሲረገጥ ብቻ የሚጮህ ከሆነ፣ ከላይ ያልኳት ትንሿ ኩሽኔታ ወይም የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው።

ስትነሳ ወይም ፍጥነት ሲጨምር ትርገፈገፋለች

የአውቶማቲኩ ትራስሚሲዮን ርዝመቱ ሌላ ነው፤ የማንዋሉን ፈልጉ። የመሃሉን ኩሽኔታ ስታስሩ ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር ወደ ፊት ገፋ አድርጋችሁ እሰሩት። ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ክብ ጎሚኒ ላይ ቀስቶች አሉ፤ ወደ ብረቱ ክንፎች ማመልከት አለባቸው። ተገልብጦ ከታሰረ ቶሎ ይሰነጠቃል።

ሀይዌይ ላይ ሞተሩ ይጮሃል

ባለ 5 ማርሹ ዜድኤፍ ካምቢዮ አምስተኛው 1 ለ 1 ነው፤ ሞተሩ አንዴ ሲዞር ትራስሚሲዮኑም አንዴ ይዞራል። የአውቶማቲኩ አምስተኛ ግን ከዚያ የረዘመ ነበር፤ ዲፍረንሻሉም (የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው የማርሽ ቤት) ለእሱ የተመረጠ ነው። ስለዚህ የድሮውን ዲፍረንሻል ካቆያችሁ አይ-95 ላይ ሞተሩ ከልክ በላይ ይዞራል፣ ቤንዚንም ይበላል። የማንዋሉን ዲፍረንሻል አስገጥሙ፤ ወይም ከመጀመሪያው ባለ 6 ማርሹን ግዙ፣ ስድስተኛው 0.85 ነው። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ አሮጌው ዲፍረንሻል እንዲያውም ደስ ይላል፤ ቶሎ ትነሳለች።

ማለዳ ሁለተኛ ማርሽ እምቢ ይላል፣ ሲሞቅ ይገባል

ጂኤል-5 ወፍራም ዘይት ሞልተውበታል። ካምቢዮው ላይ የተለጠፈውን ምልክት አንብቡና እሱ የሚለውን ዘይት ሙሉ።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ፦ የኋላ ማርሽ መብራት ካልበራ ካምቢዮው ላይ ያለው ስዊች ሁለት ሽቦ አልተገናኘም። ክሩዝ ላይ እያላችሁ ፍሪሲዮን ስትረግጡ ሞተሩ ካበደ የፔዳል ስዊቹ አይሠራም። ራዲያተር ሥር ውሃ ካለ የድሮው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ መስመር በትክክል አልተደፈነም።

የጭስ ምርመራ ደግሞ አለ። ሜሪላንድም ሰሜን ቨርጂኒያም ምርመራው ከመኪናዋ ኮምፒዩተር ነው የሚነበበው። ዲኤምኢው አዲስ ፕሮግራም ከተጫነበት ወይም ባትሪ ከተነቀለ በኋላ ራሱን ፈትሾ እስኪጨርስ ጊዜ ይፈልጋል። በዚያው ቀን ከወሰዳችኋት ትመለሳለች። ጥቂት ቀን ከተማም ሀይዌይም ንዷት፤ በስካነር ሁሉም ፍተሻ ማለቁን አይታችሁ ከዚያ ውሰዷት።