ዳታቤዙ ሲቆምባችሁ፦ ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት

«ሲስተሙ አይሰራም» የሚል ስልክ ሲመጣ የብዙዎቻችን እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሪስታርት ነው። እኔም ለዓመታት እንደዛ ነበርኩ። ክፋቱ ሪስታርት አንዳንዴ መስራቱ ነው። ይሰራል፣ ሁሉም ይረጋጋል፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይታለፋል። ከዚያ ያው ስልክ በሌላ ቀን ተመልሶ ይመጣል። ማን ማንን ይዞ እንደነበር፣ የትኛው ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የተላከ ጥያቄ) ሰርቨሩን እንዳነቀው የሚያሳየው መረጃ ደግሞ ከሪስታርቱ ጋር አብሮ ጠፍቷል።

አሁን የምከተለው ቅደም ተከተል ይኸው። ምሳሌዎቼ ማይኤስኪውኤል እና ፖስትግሬስ ከሚባሉት ሁለት የዳታቤዝ ሶፍትዌሮች ናቸው። ችግራችሁ ምን እንደሆነ ካወቃችሁ ወደሚመለከታችሁ ክፍል ዝለሉ።

1. መልእክቱን ቃል በቃል አንብቡ

«አልገናኝ አለኝ» ብቻውን ምንም አይነግረንም። አለመገናኘት ቢያንስ ሦስት ዓይነት ነው።

«ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ካለ ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ጋ ደርሳችኋል፤ በዚያ ፖርት ላይ የሚያዳምጥ ግን የለም። ወይ ዳታቤዙ አልተነሳም፣ ወይ የሚያዳምጠው ከራሱ ማሽን ለሚመጣ ብቻ ነው። ፖስትግሬስ ሲጫን እንዲህ ነው። «ሊስን አድሬስስ» የሚለውን ካልቀየራችሁለት ከውጭ ማንንም አይሰማም። ማይኤስኪውኤል ላይ የሚታየው «ባይንድ አድሬስ» ነው። ፖርቶቹ ካልተቀየሩ ለማይኤስኪውኤል 3306፣ ለፖስትግሬስ 5432 ናቸው።

ምንም መልስ ሳይመጣ ጠብቆ ጠብቆ «ታይምአውት» ካለ ዳታቤዙን ተዉትና ፋየርዎሉን እዩ።

«አክሰስ ዲናይድ» ካለ ግን (ማይኤስኪውኤል ላይ ቁጥሩ 1045 ነው) ቤቱ ውስጥ ሰው አለ፤ የመለሳችሁ ዘበኛው ነው። ፓስዎርዱ ትክክል ሆኖ እንኳ ይህ ሊመጣ ይችላል። ማይኤስኪውኤል ዩዘርን የሚለየው በስሙ ብቻ አይደለም፤ ስሙን ከመጣበት ማሽን ጋር አጣምሮ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ዩዘሮች የተለያየ ፓስዎርድና የተለያየ ፈቃድ ሊኖራቸው ይችላል። በሊኑክስ ላይ ደግሞ «ሎካልሆስት» ስትሉ በሶኬት ፋይል ይገባል፣ 127.0.0.1 ስትሉ በኔትወርክ በኩል። አንዱ ሰርቶ ሌላው እምቢ ሲል ሰው የሚያብደው ለዚህ ነው።

ፖስትግሬስ ላይ ይህን የሚወስነው «ፒጂ ኤችቢኤ» የሚባለው ፋይል ነው። ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ መጀመሪያ የገጠመው መስመር ይወስናል። ከታች የጨመራችሁት መስመር ተራው ላይደርሰው ይችላል። ከቀየራችሁ በኋላ ሪሎድ (ፋይሉን እንደገና እንዲያነብ ማዘዝ) ይበቃል፣ ሪስታርት አያስፈልግም። ደግሞ እባካችሁ «ትረስት» (ፓስዎርድ ሳትጠይቅ አስገባ) አትጻፉበት። «ለጊዜው» ተብሎ የገባ ትረስት ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

2. ሎጉን ክፈቱ

ይህን ለማለት ያህል አይደለም የጻፍኩት። ሎጉን (ዳታቤዙ የገጠመውን የሚጽፍበትን መዝገብ) ሳያዩ አንድ ሰዓት ሙሉ ኢንተርኔት ላይ መፍትሔ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። አንዱ እኔ ነበርኩ። ሎግ ስታነቡ የመጨረሻውን ስህተት አትያዙ፤ የመጀመሪያውን ፈልጉ። ከሥሩ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ የእሱ ልጆች ናቸው።

አንዳንዴ ሎጉ ምንም ሳይል ድንገት ይቋረጣል። ዳታቤዙ ሳይሰናበት ሄዷል። ያኔ የሊኑክሱን የከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሎግ እዩ። ሜሞሪ ሲያልቅ ከርነሉ ትልቁን ፕሮሰስ መርጦ ይገድላል፤ ዳታቤዝ ሰርቨር ላይ ደግሞ ትልቁ ማን እንደሚሆን ግልጽ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እኛው ነን። ፖስትግሬስ ላይ «ወርክ ሜም» ሲጀመር 4 ሜጋባይት ነው። ትንሽ መስሎን ወደ 256 እናሳድገዋለን። ግን ይህ ለሰርቨሩ በጠቅላላ የተሰጠ ሜሞሪ አይደለም፤ ለአንድ ኮኔክሽንም አይደለም። አንድ ኩዌሪ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ የመደርደር ሥራ ነው። መቶ ሰው ሲገባ ምን እንደሚሆን አባዙት።

3. ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ እዩ

አንድ ኮመንድ ነው። ቦታ እያለ «ቦታ የለም» ካላችሁ አይኖዱም (ዲስኩ ለእያንዳንዱ ፋይል የሚመድበው መዝገብ) ያለቀ እንደሆነ ተመልከቱ። ትልቅ ፋይል አጥፍታችሁ ቦታው ካልተመለሰ ደግሞ ፋይሉን አሁንም ከፍቶ የያዘ ፕሮሰስ አለ፤ እስኪዘጋው ድረስ ቦታው አይለቀቅም።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ በዳታቤዙ ፎልደር ውስጥ በእጃችሁ ምንም አታጥፉ። ማይኤስኪውኤል ከ8.0 ጀምሮ ባይነሪ ሎግ (የለውጦች መዝገብ) ሳትጠይቁት ይጽፋል፤ ካልቀየራችሁትም 30 ቀን ያቆየዋል። ብዙ የሚጻፍበት ሰርቨር ላይ ይህ ዲስክ ይበላል። የሚቀነሰው ግን «ፐርጅ ባይነሪ ሎግስ» በሚለው የራሱ ኮመንድ ነው። ፖስትግሬስ ላይ አደጋው የባሰ ነው። አሁን «ፒጂ ዋል» የሚባለው ፎልደር ድሮ «ፒጂ ኤክስሎግ» ነበር ስሙ። ሰዎች «ሎግ» የሚለውን እያዩ ተራ ሎግ መስሏቸው ያጠፉት ነበር፤ ያጠፉት ግን ዳታቤዙ ከአደጋ የሚነሳበትን መዝገብ ነው። በ2017 በወጣው ቨርዥን 10 ስሙ የተቀየረው ለዚህ ነው። ያ ፎልደር ካበጠ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የተረሳ የሬፕሊኬሽን ስሎት (ዳታውን ለሚገለብጥ ሌላ ሰርቨር የተያዘ ተራ) ነው። የሚያነበው ሰርቨር ከጠፋ ቆይቷል፤ ስሎቱ ግን «ይመጣል» እያለ ሁሉንም ያቆያል። ስሎቱን አንሱ፣ ፋይሎቹ ራሳቸው ይጸዳሉ።

እኔ ዲስኩ ላይ ምንም የማይሰራ የ2 ጊጋባይት ፋይል አስቀምጣለሁ። ሲጨንቀኝ እሱን አጥፍቼ መተንፈሻ አገኛለሁ። ቀሽም ዘዴ ነው፤ ግን ሁለት ጊዜ አውጥቶኛል።

4. ሰርቨሩ አለ፣ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለም

እዚህ ላይ እንቆይ። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቷል፣ ዲስኩ ቦታ አለው፣ ሜሞሪ አለ፣ መግባትም ይቻላል። ግን አፕሊኬሽኑ ደርቋል። ይህ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ሎክ ነው። አንዱ ይዟል፣ ሌሎቹ ተሰልፈዋል።

ጀማሪ የሚሳሳተው ሰልፉን ሲያይ ነው። የኩዌሪዎቹን ዝርዝር ያወጣል፣ ረጅም ሰዓት የቆየውን ይገድላል። ምንም አይለወጥም። ቀጣዩን ይገድላል። አሁንም ያው። የሚገድለው ተበዳዮቹን ነው። ጥፋተኛው ዝርዝሩ ላይ ምንም እየሰራ አይደለም፤ ማይኤስኪውኤል ላይ «ስሊፕ»፣ ፖስትግሬስ ላይ «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» ተብሎ ዝም ብሏል። አንድ ሰው ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸኑ ወይም አብረው የሚቀሩ ለውጦች) ከፈተ፣ አንድ ረድፍ አስተካከለ፣ ኮሚት ሳያደርግ (ለውጡን ሳያጸና) ከወንበሩ ተነሳ። በቃ።

ስለዚህ ጥያቄው «ማን ቆየ?» ሳይሆን «ማን ማንን ያዘ?» መሆን አለበት። ፖስትግሬስ ላይ «ፒጂ ስታት አክቲቪቲ» የሚለውን «ፒጂ ብሎኪንግ ፒአይዲስ» ከሚለው ፈንክሽን ጋር አድርጋችሁ ጠይቁት። ለእያንዳንዱ ጠባቂ የያዘውን ይነግራችኋል። ማይኤስኪውኤል ላይ «ሲስ» በሚለው ስኪማ ውስጥ «ኢኖዲቢ ሎክ ዌይትስ» አለ (ኢኖዲቢ ማይኤስኪውኤል ዳታውን የሚያስቀምጥበት ሞተር ነው)። ያዡም ራሱ በሌላ ተይዞ ሊሆን ስለሚችል ክሩን እስከ ጫፍ ተከተሉት። ጫፉ ላይ ያለው ማንንም የማይጠብቅ አንድ ኮኔክሽን ነው። የሚዘጋው እሱ ነው።

ፖስትግሬስ ላይ በመጀመሪያ «ፒጂ ካንስል ባክኤንድ»፣ እምቢ ሲል «ፒጂ ተርሚኔት ባክኤንድ» ተጠቀሙ። ትራንዛክሽን ከፍቶ ዝም ያለው ላይ የመጀመሪያው አይሰራም፤ የሚሰረዝ ኩዌሪ የለውምና። ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሆናችሁ «ኪል 9» አትበሉ። አንዱን እንዲህ ከገደላችሁት ፖስትግሬስ የሌሎቹን ሁሉ ኮኔክሽን ቆርጦ ከሪከቨሪ (ዳታውን ከመዝገቡ ከማስተካከል) ይጀምራል።

ሌላው ወጥመድ የቴብልን አወቃቀር የሚቀይረው «ኦልተር ቴብል» ነው። «አንድ ኮለም ብቻ ነው የምጨምረው፣ አፍታ ነው» ይባላል። ሥራው አፍታ ነው፣ እውነት። ግን አንድ ረጅም ሪፖርት ያን ቴብል እያነበበ ከሆነ ኦልተሩ ይጠብቃል። እሱ ሲጠብቅ ደግሞ ከኋላው የመጡት ቀላል ንባቦች ሁሉ ከእሱ ኋላ ይሰለፋሉ። ማይኤስኪውኤል ላይ ተራ የረድፍ ሎክ የሚጠበቀው 50 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ በ1205 ስህተት ይተዋል። ኦልተሩ ለሚጠብቀው ዓይነት ሎክ ግን የተቀመጠው ጊዜ 31,536,000 ሰከንድ ነው። አስሉት፤ ድፍን አንድ ዓመት። ስለዚህ ከኦልተሩ በፊት በራሳችሁ ሴሽን ላይ አጭር «ሎክ ዌይት ታይምአውት» አድርጉ። ፖስትግሬስ ላይ «ሎክ ታይምአውት» ይባላል፤ ካልነካችሁት ገደብ የለውም። ካልተሳካ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ትሞክራላችሁ።

አሁን የራሴን ጉድ ላውራ። ማይኤስኪውኤል ላይ የቆዩ መዝገቦችን ለማጽዳት አንድ «ዲሊት» ጻፍኩ። ሚሊዮኖች ረድፍ፣ በአንድ ትእዛዝ። ሁለት ሰዓት ሄደ። አፕሊኬሽኑ መንተባተብ ጀመረ፣ ስልክ በዛ፣ ተጨንቄ ኪል አልኩት። «ኪልድ» ብሎ ተጻፈበት፤ ግን አልሄደም። ጠበቅኩ። አልሄደም። ትዕግስቴ አለቀና ሰርቨሩን ራሱን በኪል 9 ገደልኩት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ኢኖዲቢ ያላለቀ ትራንዛክሽንን አይረሳም። የጠፋውን እያንዳንዱን ረድፍ መመለስ አለበት፤ ይህም ከማጥፋቱ ሊረዝም ይችላል። ሰርቨሩ ሲነሳ መመለሱን ካቆመበት ቀጠለ። ረድፎቹም እንደተያዙ ናቸው። እኔ የጨመርኩት ነገር ቢኖር ሪከቨሪ እና ባዶ የሆነ ሜሞሪ ብቻ ነው። እስኪነጋ ተቀምጬ ጠበቅኩት።

ዝም ብዬ መጠበቅ ነበረብኝ። መጠበቁም በጭፍን አይደለም፤ «ኢንፎርሜሽን ስኪማ» ውስጥ «ኢኖዲቢ ቲአርኤክስ» የሚለውን ብታዩ ትራንዛክሽኑ የነካቸው ረድፎች ቁጥር እየቀነሰ ሲሄድ ታዩታላችሁ። በየደቂቃው መዝግባችሁ ስንት ሰዓት እንደቀረው መገመት ትችላላችሁ። ያን ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ ቢያንስ ለደዋዮቹ የምነግራቸው ነገር ይኖረኝ ነበር። ዛሬ ብዙ ረድፍ ሳጠፋ በፕራይመሪ ኪው (እያንዳንዱን ረድፍ በሚለየው ኮለም) እየቆራረጥኩ፣ አምስት ሺህ አምስት ሺውን፣ በየመሃሉ ኮሚት እያደረግኩ ነው።

«ዴድሎክ» የሚል ስህተት (1213) ካያችሁ ግን አትደንግጡ። ሁለቱ ተያይዘው ሰርቨሩ አንዱን መርጦ ጥሎታል። አፕሊኬሽኑ ደግሞ ይሞክር። ከበዛ ኮዱ ቴብሎችን የሚነካበትን ቅደም ተከተል አንድ ዓይነት አድርጉት።

5. «ቱ ሜኒ ኮኔክሽንስ»

የማይኤስኪውኤል መነሻ ገደብ 151፣ የፖስትግሬስ 100 ነው። ሁሉም ሰው ቁጥሩን ወደ 1000 ያሳድገዋል። አታሳድጉት፣ ቢያንስ ወዲያው። አብዛኞቹ ኮኔክሽኖች ምን እያደረጉ እንደሆነ እዩ። ተኝተው ከሆነ አፕሊኬሽኑ ከፍቶ አይዘጋም ማለት ነው። ሎክ እየጠበቁ ከሆነ ወደ ቁጥር 4 ተመለሱ። ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ስለሚከፍት ቁጥር ማብዛት ያስከፍላል፤ ፒጂባውንሰር (ጥቂት ኮኔክሽኖችን ለብዙዎች የሚያጋራ ፕሮግራም) ፊቱ ላይ ብታቆሙ ይሻላል።

ማይኤስኪውኤል ገደቡ ሲሞላ አስተዳዳሪ የሚገባበት አንድ ተጨማሪ በር ይተዋል። አፕሊኬሽናችሁ በ«ሩት» የሚገባ ከሆነ ያን በር እሱ ይወስደዋል፤ እናንተ ውጭ ትቀራላችሁ። ይህ እንኳ ለአፕሊኬሽን የተለየ ዩዘር ለመፍጠር በቂ ምክንያት ነው።

6. ይሰራል፣ ግን ይንፏቀቃል

የዘገምተኛ ኩዌሪዎችን ሎግ አብሩ። ማይኤስኪውኤል «ዘገምተኛ» የሚለው ከ10 ሰከንድ በላይ የፈጀውን ነው። ያ ለእኔ ዘገምተኛ አይደለም፣ ሙት ነው። ወደ 1 አውርዱት። ከዚያ የተያዘውን ኩዌሪ «ኤክስፕሌይን» አድርጉ፤ ሰርቨሩ እንዴት ሊያስኬደው እንዳቀደ ይነግራችኋል። ኢንዴክስ (ፈጥኖ መፈለጊያ ማውጫ) እያለ ቴብሉን ሙሉ የሚያነብ ከሆነ ብዙ ጊዜ ኮለሙ ላይ ፈንክሽን አድርጋችሁበታል። ቀኑን ወደ ዓመት ቀይሮ ከማወዳደር ይልቅ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» ብላችሁ ጻፉት። ፖስትግሬስ ላይ ብዙ ዳታ ካስገባችሁ በኋላ «አናላይዝ» (የቴብሉን ስታቲስቲክስ ማደስ) ማድረግን አትርሱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ኤክስፕሌይን አናላይዝ» ኩዌሪውን በእውነት ያስኬደዋል። ፖስትግሬስ ላይ በዲሊት ፊት ብትጽፉት ይሰርዛል። ትራንዛክሽን ከፍታችሁ ሞክሩትና ሮልባክ አድርጉ (ለውጡን መልሱት)።

7. ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሲመጣ

የአማርኛ ጽሑፍ ተራ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከተቀመጠ ዳታው የለም። ሲጻፍ ነው የጠፋው፤ ከባክአፕ ወይም ከምንጩ ውጭ መመለሻ የለውም። የተዘበራረቀ ባዕድ ፊደል ከሆነ ግን ተስፋ አለ፤ አነባበቡ ነው የተሳሳተው። ማይኤስኪውኤል ላይ ዳታቤዙንም፣ ቴብሉንም፣ ኮኔክሽኑንም «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» አድርጉ። ተራው «ዩቲኤፍ8» በፊደል እስከ 3 ባይት ብቻ ይይዛል። የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ ይገባል፤ ኢሞጂ ግን 4 ነው። ሰው ስሙ ላይ ኢሞጂ የጨመረ ቀን ስህተት ይመጣል።

ታዲያ ሪስታርት መቼ?

እንደ ፖስትግሬስ «ሼርድ በፈርስ» (ዳታ የሚይዝበት የጋራ ሜሞሪ መጠን) ዓይነት፣ ያለ ሪስታርት የማይለወጥ ሴቲንግ ስትቀይሩ። ወይም ሁሉም ተሞክሮ ሲያልቅ። ያኔም በፊት የኩዌሪዎቹን ዝርዝር፣ የሎኮቹን ሁኔታ እና ማይኤስኪውኤል ላይ «ሾው ኢንጂን ኢኖዲቢ ስታተስ» የሚሰጠውን ወደ ፋይል ገልብጡ። አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ከተነሳ በኋላ መጀመሪያ ላይ ቢንፏቀቅ ሁለተኛ ሪስታርት እንዳታደርጉ። ሜሞሪ ውስጥ የነበረውን ከዲስክ እያነበበ ነው።