የታጠፈ ጠንካራ ብረት በውስጡ የሚይዘውን ቀሪ ውጥረት መቆጣጠር

ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ በኩል የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የሚወርድ፣ ወይም ሰሊጥ ሊጭን ወደ መተማ የሚያቀና የጭነት መኪና፣ የሻንሲው ድጋፎችና የሳጥኑ ማዕዘኖች በየኩርባውና በየጉድጓዱ ይወጠራሉ፣ ይላላሉ። እነዚህ ክፍሎች ከጠንካራ ብረት ታጥፈው የተሠሩ ከሆነ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከእጥፋቱ አካባቢ ነው፤ እጥፋቱ ገና አንድ ኩንታል ሳይጫንበት በውስጡ ውጥረት ይዞ ይቆያልና። የጎንደር ወርክሾፖች ለተሳቢና ለገልባጭ ሥራ ጠንካራ ላሜራ በሚያጥፉበት ጊዜ ይህን ቀሪ ውጥረት አስቀድመው ሊያስቡበት ይገባል።

ላሜራ ሲታጠፍ የውጭው ገጽ ይለጠጣል፣ የውስጡ ይታመቃል። ፕሬሱ ሲለቀው ግን ቁራጩ በጥቂቱ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ነገሩ ይገለበጣል፦ ተለጥጦ የነበረው የውጭ ገጽ በመታመቅ፣ ታምቆ የነበረው የውስጥ ገጽ ደግሞ በመሳብ ውጥረት ሥር ይቀራል። ተራ ብረትም ሆነ ጠንካራ ብረት ግትርነታቸው፣ ማለትም መለጠጥን የመቋቋም ባሕርያቸው፣ አንድ ዓይነት፣ ወደ 210 ጊጋፓስካል ገደማ ነው (ፓስካል የውጥረት መለኪያ ነው)። ልዩነቱ ተራው በ235 ሜጋፓስካል አካባቢ ቅርጹን ለዘለቄታው መለወጥ ሲጀምር፣ ኤስ 700 ኤምሲ የሚባለው እስከ 700 ሜጋፓስካል ድረስ መቋቋሙ ነው። በመሆኑም ወደ ኋላ የሚመለሰው መጠንም ሆነ በውስጡ ታስሮ የሚቀረው ውጥረት ከተራው ብረት እጅግ ይበልጣል።

ከማጠፍዎ በፊት የብረቱን ደረጃ ከፋብሪካው ወረቀት ወይም ከላሜራው ላይ ካለው ምልክት ያረጋግጡ፤ ደረጃው ያልታወቀን ብረት ጭነት በሚሸከም ክፍል ላይ ባይጠቀሙበት ይሻላል። በመቀስ ማሽን የተቆረጠ ጠርዝ ጠጣርና ጥቃቅን ስንጥቅ ያለበት ስለሚሆን በግራይንደር ያለስልሱት፤ የሚቀር ሹል ትርፍ ካለም ወደ እጥፋቱ ውስጥ በኩል ያዙሩት። የእጥፋቱ መስመር ላሜራው በፋብሪካ ከተዳመጠበት አቅጣጫ ጋር ቢሻገር ይመረጣል። የውስጥ ራዲየሱ ለኤስ 700 ኤምሲ ውፍረቱ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ሲሆን ቢያንስ የውፍረቱ 2 እጥፍ፣ ከ6 በላይ ሲሆን 2.5 እጥፍ ነው፤ ለ5 ሚሊ ሜትር ላሜራ 10 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የሚመለሰውን መጠን ከዚያው ላሜራ በተቆረጠ ቁራጭ ሞክረው ይወቁና ላሜራውን ከሚፈለገው ማዕዘን በዚያው ልክ አሳልፈው ይጠፉት፤ ታጥፎ ያለቀን ክፍል በመዶሻ እየደበደቡ ማስተካከል የማይታወቅ ሌላ ውጥረት ይጨምርበታል። ጠንካራ ብረት ሲሰበር በኃይል ስለሚፈናጠር በማጠፍ ጊዜ ከማሽኑ ፊት ለፊት አይቁሙ።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ክፍሉ በመኪናው ላይ የሚቀመጥበት አኳኋን ነው። ጭነቱ እጥፋቱን ሊከፍተው የሚሞክር ከሆነ፣ አስቀድሞ በመሳብ ላይ ባለው የውስጥ ገጽ ላይ ተጨማሪ መሳብ ይደርብበታል፣ ስንጥቅም ከዚያ ይጀምራል። ጭነቱ እጥፋቱን የሚዘጋው ከሆነ ግን የውስጡ ገጽ ይታመቃል፤ የውጭው ገጽም ቢሳብ፣ አስቀድሞ የያዘው መታመቅ ከፊሉን ይቀንስለታል። የሚቻል ከሆነ ክፍሉን በዚህ መንገድ ይንደፉት። ቀሪ ውጥረት ሁልጊዜ ጠላት አይደለም፤ የባሌስትራ አምራቾች የሚሳበውን ገጽ በጥቃቅን የብረት ጠጠሮች የሚደበድቡት ሆን ብለው የመታመቅ ውጥረት ለመፍጠር ነው።

በክብ ተጠቅልሎ የተዘጋ ክፍል ምን ያህል ውጥረት እንደያዘ በግምት ለማወቅ አንዱን ናሙና መሥዋዕት ያድርጉ። በሚቆረጠው መስመር ግራና ቀኝ ሁለት ነጥብ በፑንቾ ይምቱ፣ ርቀታቸውን በካሊፐር ይለኩ፣ ከዚያም በእጅ መጋዝ በቁመቱ ይሰንጥቁትና ርቀቱን እንደገና ይለኩ። በፕላዝማ ወይም በጋዝ መቁረጥ ሙቀቱ አዲስ ውጥረት ስለሚፈጥር ውጤቱን ያበላሸዋል። ክቡ ከተከፈተ የውጭው ገጽ በመሳብ ላይ ነበር፤ ከጠበበ ደግሞ በመታመቅ ላይ። ትክክለኛ ቁጥር የሚገኘው ግን በኤክስሬይ ወይም ትንሽ ቀዳዳ እየበሱ የሚፈጠረውን መለጠጥ በመለካት፣ በላቦራቶሪ ውስጥ ነው።

ውጥረቱን በሙቀት ለማውጣት መሞከር በጠንካራ ብረት ላይ አደገኛ ነው። ተራ ብረት ከ550 እስከ 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በምድጃ ሞቆ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ውጥረቱ ይላላል። ጥንካሬውን ግሎ ሳለ በድንገት በመቀዝቀዝ ያገኘ፣ በብሪኔል የጠጣርነት መለኪያ 400 የሆነ፣ በመፋተግ መበላትን የሚቋቋም ላሜራ ግን ከ250 ዲግሪ ገደማ በላይ ከሞቀ ጥንካሬውን ማጣት ይጀምራል፤ በኦክስጅንና በአሲትሊን እስኪቀላ የሞቀ እጥፋት ደግሞ ዋጋ የተከፈለበትን ጥንካሬ ያጣል። ብየዳም ቢሆን በራሱ ከፍተኛ የመሳብ ውጥረት ስለሚተው፣ ከእጥፋቱ ጠርዝ ቢያንስ የውፍረቱን 5 እጥፍ ያህል ያርቁት።

እጥፋቱ በዕለቱ ጤናማ መስሎ በማግሥቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። በተለይ ጥንካሬው ከ1000 ሜጋፓስካል በላይ የሆነ ብረት በአሲድ ከታጠበ ወይም ዚንክ በኤሌክትሪክ ከተቀባ ሃይድሮጅን ወደ ውስጡ ይገባና፣ ከቀሪው ውጥረት ጋር ተባብሮ ዘግይቶ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ክፍሉን ከሠሩ በኋላ ለ48 ሰዓት ያቆዩትና እጥፋቱን ከውስጥም ከውጭም አጽድተው፣ ወደ ስንጥቅ ዘልቆ በሚገባ ቀለም ይመርምሩት፤ ከተሰነጠቀ በብየዳ ከመድፈን ይልቅ ራዲየሱን አስፍተው እንደገና ይሥሩት።