ውሻ የሚያሳድግ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በብዙ ግቢዎቻችን ውሻ የሚያዘው ለጥበቃ ነው። ሌሊት ይጮኻል፣ ቀን ይታሰራል፣ ከማዕድ የተረፈው ይደፋለታል። ከዚያም ሳያረጅ ይሞትና ባለቤቱ "ምን እንደነካው እንጃ" ይላል። እንዳየሁት ከሆነ የሚነካው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከራሳችን ወጥ ቤት ነው።

የወጥ ትራፊ መስጠት የመጀመሪያው ስህተት ነው። ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ቢበስልም፣ ቢደርቅም፣ ቢፈጭም ጉዳቱ አይቀርም። 20 ኪሎ የሚመዝንን ውሻ 300 ግራም ያህል ሽንኩርት ሊመርዘው ይችላል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መብላቱም ይጎዳዋል። ድካሙ፣ የድዱ መንጣትና የሽንቱ መቅላት የሚታዩት ከቀናት በኋላ ስለሆነ ነገሩን ከምግቡ ጋር የሚያያይዘው ሰው ጥቂት ነው።

በዐቢይ ጾም ደግሞ ይብሳል። ቤተሰቡ 55 ቀን ሲጾም ውሻውም እንጀራ በሽሮ እየበላ አብሮ ይከርማል። ውሻ ጾም የለበትም! ሥጋ ቤቶች ለውሻ የሚሸጡትን ቁርጥራጭ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ቀቅሎ ከሩዝ ወይም ከእንጀራ ጋር መስጠት ይቻላል። ንጹሕ ውሃም ቀኑን ሙሉ ከአጠገቡ አይጥፋ።

ጾሙ ሲፈታ ሌላ አደጋ ይመጣል። ልጅ ሳለሁ ያሳደግነው ቡቺ የሚባል ውሻ ነበረን። በፋሲካ ማግስት የዶሮ ወጡን አጥንት ሁሉ ሰብስበን ሰጠነው፤ ደስ ያሰኘነው መስሎን ነበር። ሌሊቱን ሲያስመልሰው አደረ። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ እንደሚሾልና አንጀት እንደሚወጋ ያኔ የነገረን አልነበረም። ቡቺ አልዳነም። እስከ ዛሬ የዶሮ አጥንት ለውሻ ሲወረወር ሳይ ዝም ማለት አልችልም።

በጉ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ጉበት ወይም ሳንባ ከተገኘ "ለሰው አይሆንም" ተብሎ ለውሻ ይጣላል። ከጥፋቶቻችን ሁሉ ዞሮ ወደ ቤተሰቡ የሚመለሰው ይህ ነው። በቋጠሮው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን እጮች በውሻው አንጀት ውስጥ ትል ይሆናሉ፤ የትሉ እንቁላል በዓይነ ምድሩ ይወጣል፤ ውሻውን ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ልጅ እንቁላሉን ይውጠዋል። ከዓመታት በኋላ ያው ቋጠሮ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለ ጉበት ይቃጠል ወይም ውሻ ሊቆፍር በማይችለው ጥልቀት ይቀበር። ውሻውም የትል መድኃኒት በየጊዜው ይውሰድ።

ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ማሰር፣ ከሰው ማራቅ፣ በርበሬ ማብላት፣ የቡችላ ጆሮ በምላጭ መቁረጥ፤ እነዚህ ሁሉ ውሻን "ኃይለኛ" ያደርጋሉ ተብሎ ይታመናል። እውነቱ ግን ውሻው የሚሆነው ፈሪ ነው፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ሌባውንና የጎረቤቱን ልጅ አይለይም። ቡችላ ሰውን፣ ድምፅንና ሌሎች እንስሳትን ሳይፈራ መልመድ የሚችልበት ምርጥ ጊዜ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጆች ይንኩት፣ እንግዳ ይየው። ከ8 ሳምንት በፊት ከእናቱ ማለያየትም አይገባም፤ በየመንገዱ ዳር በካርቶን የሚሸጡት አንዳንዶቹ ገና ጡት ያልጠገቡ ናቸው። ላደገው ውሻ ደግሞ በቀን ግማሽ ሰዓት አብሮት መራመድ ማለት ብዙ ነው።

በቤት ውስጥ ስለሚደረግ ሕክምና በአጭሩ፦ ለእከክ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ወይም ነጭ ጋዝ የተቀባ ውሻ ሰውነቱን ሲልስ መርዙን ይውጠዋል። ለሰው የተሠራው የሕመም ማስታገሻ፣ ማለትም ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ የውሻን ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊቱንም ያበላሻል። ለከብት መዥገር የሚረጨውም በግምት የሚሰጥ ነገር አይደለም። የእንስሳት ሐኪም ውሻውን መዝኖ ያዘዘው ብቻ ይሰጥ።

የመጨረሻው ስህተት "የእኔ ውሻ ከግቢ አይወጣም" ብሎ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን መተው ነው። ውሻው ባይወጣ ሌላው በአጥር ቀዳዳ ይገባል፤ "ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል" የተባለው በከንቱ አይደለም። ክትባቱ በ3 ወሩ ይጀመራል፣ በየዓመቱም ይደገማል።

ውሻው ሰው ቢነክስ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም፣ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። የባህል መድኃኒት እየሞከሩ ቀን ማሳለፍ ሕይወት ያስከፍላል፤ በሽታው በሰው ላይ ምልክት ካሳየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ውሻውን በንዴት መግደልም አይገባም። ጤነኛ ከመሰለ ለ10 ቀን ተይዞ ይታይ፤ የተነከሰው ሰው ግን ያንን ሳይጠብቅ በዕለቱ ወደ ሐኪም ይሂድ።