የቆሮሶ ጫጩት ወደ ኩሬ አለቃቀቅ፦ በሐዋሳ ዙሪያ ለመዝናኛ ዓሣ ማጥመጃ ኩሬ ለሚያዘጋጁ

በአሜሪካ ክፍላተ ግዛቶች ትራውትን የመሳሰሉ ዓሦችን በማራቢያ ጣቢያ አሳድገው ወደ ሐይቅና ወንዝ የሚለቁት በአብዛኛው ከማጥመጃ ፈቃድ ክፍያና በ1950 እ.ኤ.አ. በወጣ የፌዴራል ሕግ መሠረት በማጥመጃ ዕቃዎች ላይ ከሚጣል ታክስ በሚያገኙት ገንዘብ ነው፤ ዘንግ የገዛ ሰው ገና ላልያዘው ዓሣ አስቀድሞ ከፍሏል ማለት ነው። በእኛም አገር ሰበታ የሚገኘው ብሔራዊ የምርምር ማዕከል የቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ጫጩት እያራባ ያሠራጫል።

ጫጩት ከመጠየቅ በፊት ግን ውሃው ጫጩት ያስፈልገው እንደሆነ ማጣራት ይገባል። በሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ ራሱ ይራባል፤ እንስቷ ቄጠማ በበዛበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ላይ እንቁላሏን ጥላ በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ስለዚህ ዳርቻው ከተመነጠረና ዓይነ ጠባብ መረብ ትናንሹን ዓሣ ከጠራረገው፣ ጫጩት መጨመር በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደመቅዳት ነው። መጨመሩ የሚጠቅመው በሎጅ ወይም በእርሻ ውስጥ ለተቆፈረ ዝግ ኩሬ ነው።

ለኩሬ በአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ጫጩት ይበቃል፤ 10 ሜትር በ20 ሜትር ለሆነ ኩሬ 400 ማለት ነው። ከተገኘ ወንድ ብቻ የሆነውን መምረጥ ይሻላል፤ ቆሮሶ ቶሎ ስለሚራባ ኩሬው በጥቂት ወራት ከጣት በማይበልጡ ዓሦች ይሞላና መንጠቆ የሚጥለውን ሰው ያሰለቻል። ካልተገኘ ቆሮሶዎቹ ካደጉ በኋላ ከእነርሱ የሚያንሱ ጥቂት አምባዛዎችን መጨመር ይቻላል፤ አዲስ የሚፈለፈሉትን እየበሉ ይቀንሷቸዋል።

ብዙ ጫጩት የሚያልቀው በጉዞና በሚለቀቅበት ሰዓት ነው። ከጉዞው በፊት አንድ ቀን ምግብ አይሰጣቸው፤ ከፕላስቲክ ከረጢቱ አንድ ሦስተኛው ውሃ፣ የቀረው ኦክስጅን ይሁን፤ ጉዞውም በማለዳ ይደረግ። ኩሬው ጋ ሲደርሱ ከረጢቱን ሳይፈቱ ለግማሽ ሰዓት ያህል ውሃው ላይ ማንሳፈፍ፣ ከዚያም ፈትቶ የኩሬውን ውሃ በጣሳ ጥቂት በጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። ቀትር ላይ በችኮላ ተገልብጦ በማግስቱ ሆዱ ወደ ላይ ሆኖ የተንሳፈፈ ጫጩት አይቻለሁ፤ የገደለው የሙቀቱ ልዩነት ነበር። በመጨረሻ የከረጢቱ አፍ ወደ ኩሬው ዘንበል ሲል ጤነኞቹ በራሳቸው እየዋኙ ይወጣሉ፤ ጎናቸው ላይ ተኝተው የሚቀሩትን ለይቶ ማስወገድ ይገባል፤ አባ ኮዳና ሌሎች ዓሣ በል ወፎችም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዳይጨርሷቸው ጥበቃ ያስፈልጋል።

በአካባቢው የሌለ የዓሣ ዝርያ ያለ ፈቃድ ማምጣት አይገባም፤ ከኩሬ አምልጦ ሐይቅ የገባ ዓሣ አይመለስም። ለማጥመድ ቢያንስ ስድስት ወር መታገሥ፣ ከዚያም እጅን አርሶ ትንሹን ከመንጠቆ እያላቀቁ ወደ ውሃው መመለስ ነው።