አኳሪየም ውስጥ የሚገዝፍ፣ አኳሪየም ውስጥ የሚቀጭጭ፦ የሲክሊድ አመጋገብ ችግርና መፍትሄ

ሲክሊድ የሚባለው የዓሣ ቤተሰብ ለኛ እንግዳ አይደለም። ተጠብሶ የሚቀርብልን ቆሮሶም የዚሁ ቤተሰብ ነው። እዚህ የማወራው ግን ስለ ምቡናዎች ነው፤ በማላዊ ሐይቅ ዳርቻ አለት ለአለት ስለሚኖሩት ደማቅ ቀለም ያላቸው ትናንሽ ዓሣዎች።

ችግር፦ ዓሣው ከሚጠበቀው በላይ ገዘፈ

ዜብራ የሚባለው ምቡና ሐይቁ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። አኳሪየም ውስጥ ግን 15 ሲደርስ ይታያል።

ምክንያቱ ምግቡ ነው። በሐይቁ ቀኑን ሙሉ አለት ላይ የበቀለውን አልጌ ሲግጥ ይውላል። አልጌው ውስጥ ጥቃቅን ነፍሳት ቢኖሩም ጉልበት የሚሰጠው ትንሽ ነው። ያችኑ ትንሽ ደግሞ ለግዛት በመጣላትና ከአዳኝ በመሸሽ ይጨርሳታል። እናንተ ቤት ግን ፕሮቲን የሞላው እንክብል ከላይ ይዘንብለታል፤ የሚያሳድደው አዳኝም የለም።

ርዝመት ብቻውን በሽታ አይደለም። ችግሩ ስብ ነው። ጠዋት መኖ ሳትሰጡ ከላይ ተመልከቱት። ባዶ ሆዱን ሆኖም ጎንና ጎኑ ካበጠ ወፍሯል። ያበጠው ከአገጯ ስር ከሆነ፣ አፏንም እንደሚያላምጥ ሰው የምታንቀሳቅስ ከሆነ ግን ተዉአት፤ አፏ ውስጥ እንቁላል ይዛለች። ሦስት ሳምንት ያህል እንዲሁ ትቆያለች፣ ያለመብላቷም ጤና ነው።

መፍትሄው፦ ዋናው መኖ ስፒሩሊና (አልጌ መሰል ደቃቅ የውሃ ፍጥረት) ያለበት ይሁን። በአንድ ሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል በቀን ሁለቴ ስጡ። በሳምንት አንድ ቀን ጾም ይዋሉ። የፈላ ውሃ ውስጥ ገባ ብሎ የወጣ ቆስጣ መስታወቱ ላይ ብትሰኩላቸው ሲግጡ ይውላሉ። የበሬ ልብ የሚያበሉ ሰዎች አሉ፤ ለምቡና እኔ በፍጹም አልመክርም። ባዩአችሁ ቁጥር መስታወቱ ላይ ሲረባረቡ ደግሞ አንጀታችሁ አይላወስ፤ ጠግበውም እንደዚያው ናቸው። ያደገው ርዝመት አይመለስም፣ ስቡ ግን ቀስ እያለ ይቀንሳል።

ችግር፦ ሆዱ ተነፍቷል፣ መብላትም አቁሟል

ይሄ ውፍረት አይደለም። ነጭ ክር የመሰለ ዓይነ ምድር ካንጠለጠለ፣ ጥግ ይዞ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ "የማላዊ መነፋት" የሚሉትን በሽታ ጠርጥሩ። የማይስማማ መኖ፣ ጭንቀትና የቆሸሸ ውሃ ያባብሱታል። መኖ አቁሙ፣ ውሃ ቀይሩ፣ ለዓሣ የተዘጋጀ ሜትሮኒዳዞል የሚባል መድኃኒት በመመሪያው መሠረት ቶሎ ጀምሩ። "ነገ ይሻለው ይሆናል" ማለት እዚህ ላይ ያስከፍላል።

ችግር፦ አልድግ አለ

ብዙ ሰው መኖ ይጨምራል። ብዙውን ጊዜ ግን የጎደለው መኖ አይደለም። መጀመሪያ ናይትሬት፣ ማለትም ከቆሻሻ መጥቶ ውሃው ውስጥ የሚጠራቀመውን ንጥረ ነገር፣ ለኩ፤ በሊትር ከ40 ሚሊ ግራም ካለፈ በየሳምንቱ ሲሶውን ያህል ውሃ፣ ክሎሪኑን አጥፍታችሁ፣ ቀይሩ። የተረፈ መኖ በስብሶ ናይትሬቱን ስለሚጨምረው፣ መኖ ማብዛት ጭራሽ ያቀጭጫቸዋል።

ውሃው ደህና ከሆነ መኖ ስትሰጡ ቆማችሁ እዩ። አንዱ ጉልበተኛ ሌላውን ያባርር ይሆናል። እንዲህ ከሆነ መኖውን በሁለቱም ጫፍ በትኑ፣ መሸሸጊያ ድንጋይም ጨምሩ። ለጫጩቶች ብቻ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ መኖ፣ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን ሦስት አራቴ ስጡ።

ችግር፦ ከሐይቅ የተያዘው ዓሣ ከሲታ ነው

አይኑ ንቁ ከሆነና ስፒሩሊናውን ከቃመ፣ ቅጥነቱ ብቻውን አያስደንግጣችሁ። በሳምንት ላወፍረው ብላችሁ ፕሮቲን ብታግበሰብሱበት፣ ሁለተኛው ችግር ውስጥ ነው የምትገቡት።