«ጋዝ ሙላልኝ» ከማለትዎ በፊት

ደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው የመኪናው ኤሲ መበላሸቱን የሚያውቀው ሸዋሮቢት ሲደርስ ነው። ከቤቱ ጋቢ ደርቦ ይነሳል፤ ጣርማበር ላይ በጉም ውስጥ እየዳበሰ ዋሻውን ያልፋል፤ ደብረ ሲና ቆሎውን ይገዛል። ቁልቁለቱን ጨርሶ ቆላው ሲቀበለው ጋቢው ወደ ኋላ ወንበር ይወረወራል፣ የኤሲው ቁልፍ ይጫናል፤ የሚመጣው ግን የምድጃ ወላፈን ነው። መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ2800 ሜትር በላይ ከፍታ ወደ 1300 ሜትር ገደማ ወርዷል።

እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። በማግስቱ ጋራዡ በር ላይ የሚቆመው ደንበኛ የመጀመሪያ ቃሉ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ወንድሜ፣ ጋዝ ሙላልኝ።» መኪናው ምን እንደሆነ ሳይሆን መድኃኒቱን ነው የሚነግረኝ። ስህተቶቹን ከዚሁ ልጀምር።

ጋዝ እንደ ነዳጅ ያልቃል ብሎ ማሰብ

አያልቅም። የኤሲ ጋዝ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ነው፤ ኮምፕረሰሩ ይጨምቀዋል፣ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን አስለቅቆ ፈሳሽ ያደርገዋል፣ ክሩስኮት (ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ) ሥር ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ እንደገና ሲተን ደግሞ የመኪናውን ውስጥ ሙቀት ይጠጣል። ከዚያ ተመልሶ ይጨመቃል። በብዙ ዓመት ውስጥ በጎማው ቱቦ በኩል ጥቂት ሊሰርግ ይችላል። አምና ሞልተው ዘንድሮ ከጎደለ ግን ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይገኝ የሚሞላ ጋዝ በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው፤ ገንዘቡ የእርስዎ፣ ጋዙ የአየሩ።

ፍንጩ ብዙ ጊዜ በዓይን ይታያል። ከጋዙ ጋር ዘይት ስለሚዞር፣ ጋዝ በሚወጣበት መጋጠሚያ ላይ ዘይት ይወዛል፤ በዘይቱ ላይ ደግሞ አቧራ ይለጠፋል። በአንድ መጋጠሚያ ላይ ብቻ ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር ካዩ የሳሙና አረፋ ይቀቡትና ይጠብቁ። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ኦሪንግ የሚባል ትንሽ የጎማ ቀለበት ነው። መገጣጠሚያውን ግን በመፍቻ ላላ አድርጌ ልየው አይበሉ። ጋዙ ሲወጣ ከዜሮ በታች ወደ 26 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ ጣትና ዓይን ይጎዳል።

ኤሲን ደብረ ብርሃን ላይ በእጅ መፈተሽ

ስለዚህኛው ረዘም አድርጌ ላውራ፤ የእኛ አገር በሽታ ነውና። ጋዝ ተሞላ፤ ሠራተኛው እጁን አየር መውጫው ላይ አድርጎ «በረዶ ነው!» ይላል። እርግጥ ነው በረዶ ነው። ደብረ ብርሃን በጥቅምት ጠዋት ኤሲ የሌለው ጋሪም ላይ ቢሆን ነፋሱ በረዶ ነው። ደንበኛው ከፍሎ ይሄዳል፣ ሸዋሮቢት ላይ ይሰድበናል፤ እውነቱን ነው።

የጋዙን ግፊት የምንለካበት ጌጅም ቢሆን በብርድ ያታልላል። በአብዛኞቹ መኪኖቻችን ያለው አር 134ኤ የተባለው ጋዝ፣ ሞተር ጠፍቶ ሳለ የሚያሳየው ግፊት የአየሩን ሙቀት ይከተላል። ውጭው 10 ዲግሪ ሲሆን እኛ ጋ 50 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ፣ ያው መኪና ሸዋሮቢት ወርዶ 30 ዲግሪ ላይ ሲቆም ወደ 100 ገደማ ያሳያል። ጋዙ አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም። ይህን የማያውቅ ሰው ደብረ ብርሃን ላይ 50 አይቶ «ጎድሏል» ብሎ ይጨምርበታል። በውርጭ ጠዋት ደግሞ ኮምፕረሰሩ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል፤ ብዙ መኪኖች ውጭው ወደ ዜሮ ሲጠጋ ኤሲው እንዳይሠራ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ያ ብልሽት አይደለም።

ቫኪዩም ሲሳብም እንዲሁ ነው። ጋዝ ከመሞላቱ በፊት በቱቦው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት በፓምፕ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት መሳብ አለበት። መመሪያዎቹ የቫኪዩሙ ጌጅ ወደ 30 ኢንች (የሜርኩሪ) ይጠጋል ይላሉ። ያ ለባሕር ዳርቻ አገር ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ራሱ ዝቅተኛ ስለሆነ ፓምፑ ምንም ጤነኛ ቢሆን 21 አካባቢ ላይ ይቆማል። እኔም ሥራ ስጀምር ጤነኛ ፓምፕ ተበላሸ ብዬ ፈታትቼ አውቃለሁ።

እና እዚህ እንዴት ይፈተሽ? እጅዎን ከአየር መውጫው ያንሱና ኮፈኑን ይክፈቱ። ሞተሩ እየሠራ፣ ኤሲው በርቶ፣ ወደ መኪናው ውስጥ ከሚገቡት ሁለት ቱቦዎች ወፍራሙ ቀዝቅዞ ማላብ፣ ቀጭኑ መሞቅ አለበት። ሁለቱ እኩል ለብ ካሉ ኤሲው አልሠራም። ያም ሆኖ የመጨረሻው ፈተና ሸዋሮቢት ላይ ቀትር ነው፤ ክፍያውን ከዚያ በኋላ የሚቀበል ሠራተኛ ካገኙ አይልቀቁት።

የማሞቂያውን ቁልፍ መርሳት

ይስቁ ይሆናል። ግን ለብርዱ ብለው ወደ ቀዩ ያዞሩት ቁልፍ ቆላ ድረስ ቀይ ላይ እንዳለ የሚደርስ ሰው ጥቂት አይደለም። ቁልፉን ወደ ሰማያዊው መልሰው አሁንም ትኩስ ከመጣ፣ ውስጥ ያለው የአየር መዝጊያ ተጣብቆ ወይም የሚያንቀሳቅሰው ካቦ ወልቆ ሊሆን ይችላል። ያኔ ኤሲው በደንብ ያቀዘቅዛል፣ ማሞቂያው መልሶ ያሞቀዋል። ጋዝ ቢሞሉ ምን ይጠቅማል?

ከኮፈን በታች ፊት ለፊት ያለውን አለማየት

ኤሲዎ መኪናው ሲሄድ ቀዝቅዞ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ ጋዙን ይርሱት። ኮንደንሰሩ ነፋስ አላገኘም። ወይ ቬንትሌተሩ (ማራገቢያው) አይዞርም፣ ወይ የኮንደንሰሩ ክንፎች በአቧራ፣ በጭቃና በሞተ ነፍሳት ተደፍነዋል። በራሴ መኪና የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ሁለት ጊዜ ጋዝ አስሞላሁ፣ ኮምፕረሰር ደከመ ተብዬ አሮጌ ኮምፕረሰር ገዛሁ (ባለሙያ ነኝ ብዬ ሰው አለመጠየቄ ነው)፤ በመጨረሻ የቬንትሌተሩ ሪሌይ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝለት ትንሽ ማብሪያ፣ ተቃጥሎ ተገኘ። ዋጋው የኮምፕረሰሩን አንድ አሥረኛ አይሞላም ነበር። ኮንደንሰሩን ሲያጥቡ በቀጭን ውሃ ይሁን፤ የመኪና ማጠቢያው ኃይለኛ ውሃ ክንፎቹን አጣጥፎ ይዘጋዋል።

አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ከደከመ ደግሞ ከጓንት ማስቀመጫው ጀርባ ያለውን ማጣሪያ ያውጡ። እንደ ጆንያ አቧራ ተሸክሞ ያገኙታል።

«ትንሽ ጨምርበት»

ጋዝ በሚዛን ነው የሚሞላው። ኮፈኑ ሥር ያለው ወረቀት የጋዙን ዓይነትና ክብደት ይናገራል፤ ለትንንሽ አውቶሞቢሎች ብዙ ጊዜ ከ400 እስከ 600 ግራም ነው፤ ከኋላም ኤሲ ያለው ሚኒባስ ከዚያ በጣም የበለጠ ይወስዳል። ከልኩ ካለፈ ኮንደንሰሩ ውስጥ ፈሳሽ ተሞልቶ ሙቀት የሚለቀቅበት ቦታ ይጠባል፣ ግፊቱ ይንራል፣ ኮምፕረሰሩ ይጨነቃል፣ ቅዝቃዜው ይቀንሳል። ዶሮ ወጥ አይደለም፤ ሲበዛ አይጣፍጥም። በጋዙ ፋንታ የማብሰያ ቡታ ጋዝ የሚሞሉ እንዳሉ እሰማለሁ። ቡታ ጋዝ ይቀጣጠላል፤ ኢቫፖሬተሩ ደግሞ ያለው እርስዎና ልጆችዎ የምትተነፍሱበት ክፍል ውስጥ ነው። እንዲህ ዓይነት ሠራተኛ ጋ መኪናዎን አያቁሙ።

ወራት ሙሉ አለማብራት

«ደጋ ነው፣ ለምን አበራዋለሁ?» ይሉኛል። የኮምፕረሰሩን ማኅተም (ጋዝ እንዳይወጣ የሚዘጋውን ቀለበት) የሚያረጥበው ከጋዙ ጋር የሚዞረው ዘይት ነው፤ ካልዞረ ማኅተሙ ይደርቅና ማፍሰስ ይጀምራል። በሳምንት አንዴ አሥር ደቂቃ ያብሩት። ደግሞ ሰበብ አያጡም፤ ጣርማበር ላይ መስታወትዎ ከውስጥ በእንፋሎት ሲሸፈን በጨርቅ ከሚታገሉ ኤሲውን ከማሞቂያው ጋር አብረው ይክፈቱት። ኤሲ አየሩን ያደርቃል፣ ማሞቂያው ያሞቀዋል፣ መስታወቱ ወዲያው ይጠራል። በዚያ ገደል አፋፍ ለደብረ ብርሃን ሰው የኤሲ ዋና ጥቅሙ ይህ ይመስለኛል።

ዳገት ላይ መደናገጥ

ከሸዋሮቢት ወደ ደብረ ሲና ሲወጡ ኤሲው ቢደክም ወይም ለአፍታ ቢጠፋ አይፍረዱበት። አንዳንድ መኪኖች ነዳጁ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ወይም ሞተሩ ሲግል ራሳቸው ኮምፕረሰሩን ያቆማሉ። የሙቀት መለኪያው ከወትሮው ከፍ ካለ እርስዎም ያጥፉት፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ታግሠው ከወጡ ብርዱ ራሱ ይመጣል።

ኮምፕረሰር ሲቀየር ማድረቂያውን መተው

ከኮንደንሰሩ አጠገብ ያለው ማድረቂያ እርጥበት የሚጠጣ ነው፤ ቱቦው ሲከፈት ከአየሩም ይጠጣል። አሮጌው ኮምፕረሰር ተፈጭቶ ከሆነ ብናኙ መስመሩ ውስጥ ቀርቷል። መስመሩ ሳይታጠብ፣ ማድረቂያው ሳይቀየር አዲስ ኮምፕረሰር መግጠም ሁለተኛውንም መቅበር ነው። ለነገሩ ከመቀየሩ በፊት ፊውዙንና ሪሌዩን ይዩ፤ ኤሲው ሲበራ ከኮምፕረሰሩ «ጣቅ» የሚል ድምፅ ካልሰሙ አንዳንዴ የጎደለው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት እኛም ጋ መጥተዋል። የእነሱ ኮምፕረሰር በከፍተኛ ቮልቴጅ ይሠራል፤ ብርቱካናማ ሽቦ ያለበትን ነገር ያልሠለጠነ ሰው አይንካ። ዘይቱም ሌላ ነው፤ የተለመደውን ዘይት ከጨመሩበት ኤሌክትሪክ እንዲያልፍ ያደርጋል፣ መኪናውም አደጋ ብሎ ሊቆም ይችላል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሸዋሮቢት ላይ ቆመው ከመኪናው ሥር ውሃ ሲንጠባጠብ አይተው «ኤሲው አፈሰሰ» የሚልዎት ካለ አይስሙት። ከአየሩ የተጨመቀ እርጥበት ነው፤ ኤሲው መሥራቱን የሚነግርዎት እሱ ነው። ውሃው ከመኪናው ሥር ጠፍቶ በተሳፋሪው እግር ላይ ከወረደ ግን ማፍሰሻ ቱቦዋ በጭቃ ተደፍናለች። ከሥር ገብተው በቀስታ ንፋስ ይንፉባት።