ሌላው ሁሉ እየተከፈተ አንዳንድ ድረ ገጽ ብቻ እምቢ ሲል

ቴሌግራም መልእክት ያደርሳል፣ ዩቲዩብም ሳይቆራረጥ ይታያል፤ የውጭ ዩኒቨርሲቲ የማመልከቻ ገጽ ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ግን ቢጠብቁት ቢጠብቁት አይከፈትም። እንዲህ ሲያጋጥም አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ነው። ይህ ጉዳት ባይኖረውም ብዙ ጊዜ ጥቅም የለውም። አንዱ ገጽ እየተከፈተ ሌላው መቅረቱ መስመሩ እንደሚሠራ በራሱ ስለሚመሰክር፣ የሚቀረው ሥራ ከቤት እስከ ድረ ገጹ ባለው መንገድ ላይ መሰናክሉ የት እንዳለ መፈለግ ነው።

ፍለጋው በማነጻጸር ይጀመራል። የስልክዎን ዋይፋይ አጥፍተው በሞባይል ዳታ ያንኑ ገጽ ይክፈቱ። የቤትዎ መስመር የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነና ከቤተሰቡ የሳፋሪኮም ሲም ያለው ሰው ካለ በእሱ ቢሞከር ይመረጣል፤ የአንድ ድርጅት የሞባይልና የቤት መስመር ወደ ውጭ የሚወጡበት መንገድ አንድ ሊሆን ስለሚችል ልዩነቱ ላይታይ ይችላልና። ገጹ በየትኛውም መስመር ካልተከፈተ ችግሩ ያለው ምናልባት በድረ ገጹ በራሱ ነው፤ ከመጠበቅ በቀር የሚደረግ ነገር የለም። በሞባይል ዳታ ተከፍቶ በቤት ዋይፋይ ካልተከፈተ ራውተሩን ወይም መስመሩን፣ በዋይፋይ በስልክ ተከፍቶ በኮምፒውተር ካልተከፈተ ደግሞ ኮምፒውተሩን ይጠርጥሩ። ከሙከራው በፊት ግን ቪፒኤን (ግንኙነቱን በሌላ ቦታ ባለ ሰርቨር በኩል አዙሮ የሚያሳልፍ መተግበሪያ) መጥፋቱን ያረጋግጡ። በብዙ ስልክ ላይ ከዚህ ቀደም ለአንድ ጉዳይ የተጫነ ቪፒኤን ባለቤቱ ሳያስተውል እንደበራ ይቀራል፤ እሱ በርቶ የተደረገ ንጽጽር ምንም አያስረዳም።

ችግሩ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ከሆነ ከሁሉ አስቀድመው ቀኑንና ሰዓቱን ይመልከቱ። ይህ ምክር ቀላል ቢመስልም በእኛ ከተማ ከየትኛውም ምክንያት ይልቅ ደጋግሜ ያገኘሁት ይኸኛው ነው። አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ጎረቤቴ፣ የኮምፒውተሩ ዓመት ግድግዳቸው ላይ ከተሰቀለው ካላንደር ጋር አልገጥም ስላላቸው በእጃቸው «አርመውት» ኖሯል። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡት የተወሰነ የአገልግሎት ዘመን ባለው ሰርተፊኬት ነው፤ ብራውዘሩም ሰርተፊኬቱ የጸና መሆን አለመሆኑን የሚያመሳክረው ከኮምፒውተሩ ቀን ጋር ነው። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓውያኑ በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚዘገይ፣ በዚያ ኮምፒውተር ዓይን የዛሬዎቹ ሰርተፊኬቶች ሁሉ ገና ያልተሰጡ ናቸው። ሰዓቱን በ6 ሰዓት ወደ ኋላ መልሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያስተካክሉ ሰዎችም አሉ፤ በእነሱ ኮምፒውተር ላይ ያስቸግር የነበረው ገጽ ሰርተፊኬቱን ያሳደሰው በዚያው ቀን ስለሆነ በማግሥቱ በራሱ ይከፈታል፣ ባለቤቱም ምክንያቱን ሳያውቅ ይቀራል። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ዴስክቶፕ ካለዎት ደግሞ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለችና ያስቀይሯት። የሰዓት ክልሉን «ናይሮቢ» አድርገው፣ ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል ቢፈቅዱለት ይበቃል። የአገራችንን ቀን ለማየት የካላንደር መተግበሪያ መጫን ይሻላል።

ቀኑ ትክክል ከሆነ ብራውዘሩ የሚያሳየውን የስሕተት ጽሑፍ ሳይዘጉ ያንብቡት። «ዲኤንኤስ» የሚል ቃል ካለበት የተሰናከለው የድረ ገጹን ስም ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ወደሚፈላለጉበት ቁጥር፣ ማለትም ወደ አይፒ አድራሻ የመለወጡ ሥራ ነው። ይህን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራልዎ የአገልግሎት ሰጪው ሰርቨር ሲሆን፣ በእሱ ፋንታ የጉግልን 8.8.8.8 ወይም የክላውድፍሌርን 1.1.1.1 መጠቀም ይቻላል። ለውጡን መጀመሪያ በአንድ ኮምፒውተር የኔትወርክ ማስተካከያ ውስጥ ብቻ ያድርጉት፤ ከሠራ በኋላ ወደ ራውተሩ ቢያስገቡት ሙሉ ቤተሰቡ ይጠቀማል። በአንድሮይድ ስልክ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚለውን ክፍል ይመልከቱ፤ ማስታወቂያ ለመከልከል የተሞላ አድራሻ እዚያ ካለ አንዳንድ ገጾችን አብሮ ይዘጋል።

አሁን ብዙዎች ተስፋ ወደሚቆርጡበት ጉዳይ እንምጣ። ስሙ ይገኛል፣ ገጹም መከፈት ይጀምራል፣ ከዚያ ግን ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ወይም የመግቢያ ገጹ ታይቶ የይለፍ ቃል ከተላከ በኋላ ይንጠለጠላል። እዚህ ላይ የሚጠረጠረው ኤምቲዩ የሚባለው፣ በአንድ ጊዜ የሚላክ የመረጃ እሽግ ትልቁ መጠን ነው። የተለመደው መጠን 1500 ባይት ነው። ራውተሩ በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል በሚገናኝበት ፒፒፒኦኢ በሚባለው አሠራር ግን 8 ባይት ለራሱ ስለሚወሰድ የሚቀረው 1492 ነው። ከዚህ የሚበልጥ እሽግ ሲመጣ በመንገድ ላይ ያለው መሣሪያ «አሳንሰህ ላክ» የሚል መልእክት ወደ ላኪው መመለስ ሲገባው፣ አንዳንድ ድረ ገጾች ይህን መልእክት በፋየርዎል (ያልተፈለገ መረጃ በሚያግድ መከላከያ) ስለሚያግዱት ትልልቁን እሽግ ሳያሳንሱ እየደጋገሙ ይልካሉ፤ እሱም አይደርስም። ትንንሹ መረጃ ግን ያልፋል፤ አንዱ ገጽ ተከፍቶ ሌላው የሚቀረው ስለዚህ ነው። ለመፈተሽ በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ውስጥ ፒንግ የሚለውን ትእዛዝ ከ1.1.1.1 ጋር ጽፈው፣ ሰረዝ ኤፍ፣ ከዚያም ሰረዝ ኤልና 1472 ይጨምሩበት (ping 1.1.1.1 -f -l 1472)። ይህ እምቢ ብሎ በ1472 ፋንታ የተጻፈው 1464 ካለፈ፣ እሽጉ አድራሻውን የሚይዝበት 28 ባይት ራስጌ ሲደመርበት የመስመርዎ ልክ 1492 ነው ማለት ነው። ወደ ራውተሩ ገጽ ገብተው በዋን (WAN፣ የውጭ መስመር) ክፍል ያለውን የኤምቲዩ ቁጥር ከዚህ ጋር ያስተካክሉ። በተለይ ከመርካቶ ራውተር ገዝተው በራስዎ እጅ ያስገቡ ከሆነ ይህን ቁጥር ሳያዩ አይለፉ።

አዲሱ የአይፒ አድራሻ ዓይነት፣ አይፒቪ6 (IPv6)፣ በከፊል ብቻ የሚሠራበት ቤትም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል፤ ለሙከራ በኮምፒውተሩ ላይ አጥፍቶ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ከቤትዎ አቅም በላይ የሆነውን ደግሞ በጊዜ ለይቶ ማወቅ ድካም ይቀንሳል። «403» የሚል ቁጥር ከታየ ጥያቄዎ ደርሷል፤ የከለከለው ድረ ገጹ ነው። ብዙ ደንበኞች አንድ የአይፒ አድራሻ በሚጋሩበት ኔትወርክ አንዱ ባጠፋው ሌላው ሊታገድ ይችላል። ኢትዮጵያ የባህር በር ስለሌላት መስመሯ ከባህር ውስጥ ኬብል ጋር የሚገናኘው እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ነው፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባህር እንደሆነው ኬብሎች ሲቆረጡ በዚያ አቅጣጫ የሚገኙ ገጾች ይዘገያሉ ወይም ይጠፋሉ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በፌስቡክ፣ በዩቲዩብ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ላይ እንደነበረው ያለ ገደብ ሲኖርም ራውተር መነካካት ትርጉም የለውም።

ሁሉንም ፈትሸው መስመሩ ላይ ከደረሱ ለአገልግሎት ሰጪዎ ይደውሉ፤ የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር 994 ነው። «ኢንተርኔቴ አይሠራም» ካሉ የሚሰጥዎ መልስ ራውተሩን አጥፍተው ያብሩ የሚል ይሆናል። ስለዚህ ያልተከፈቱትን ሁለት ሦስት ገጾች በስም፣ በሞባይል ዳታ መከፈታቸውን፣ ዲኤንኤስ ቀይረው መሞከርዎንና ችግሩ የታየበትን ሰዓት በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ ሰዓቱም በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ለይተው ይንገሯቸው።